የጥንቷ ምድር ካርታ እና የዳይኖሰሮች መንገድ፦ የአንድ ነጻ የድረ ገጽ አገልግሎት ግምገማ

ባለፈው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ስለ አህጉራት መንሸራተት በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፦ «ቲቸር፣ ታንዛኒያ የተገኘው ረጅም አንገት ያለው ዳይኖሰርና አሜሪካ የተገኘው ዘመዳሞች ከሆኑ፣ ያንን ሁሉ ውቅያኖስ በምን ተሻገሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። የጠየቀችው ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 በታንዛኒያ ተንዳጉሩ በተባለ ቦታ ቆፍረው ስላወጡት፣ ዛሬ ጂራፋታይታን ስለሚባለውና አፅሙ በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከ13 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለቆመው እንስሳ ነው፤ የአሜሪካው ዘመዱም በኮሎራዶ የተገኘው ብራኪዮሶረስ ነው። እኔም በችኮላ፣ ውቅያኖሱ በዚያን ጊዜ አልነበረም ብዬ መለስኩላት። ፊቷን ሳየው ግን መልሱ አልተዋጠላትም። እውነት አላት፤ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ የዛሬዎቹን አህጉራት ብቻ የሚያሳይ ሲሆን፣ እኔም ከካርቶን ቆርጬ የምገጣጥማቸው ቅርጾች አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ እንደሚገጥሙ ከማሳየት አልፈው፣ መቼ እንደተለያዩና በመካከላቸው ምን እንደነበረ የሚናገሩት ነገር የላቸውም።

ይህን ጥያቄ በአግባቡ ለመመለስ ስፈልግ ያገኘሁት አገልግሎት «ኤንሸንት ኧርዝ» ይባላል፤ «ጥንታዊት ምድር» ማለት ነው። የሠራው ኢያን ዌብስተር የተባለ የካሊፎርኒያ የሶፍትዌር ባለሙያ ሲሆን፣ ካርታዎቹ የተመሠረቱት አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ክሪስቶፈር ስኮቲስ ለአሥርታት በደከሙበት የጥንታዊ መልክዓ ምድር ሥራ ላይ ነው። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፤ ምዝገባም አይጠይቅም። ገጹ ሲከፈት በጥቁር ሰማይ ላይ የተንጠለጠለች ምድር ትታያለች፤ በመዳፊት ወይም በጣት ይዞ ማዞር ይቻላል። ከላይ ካለው ዝርዝር ከዛሬ እስከ 750 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያሉ ጊዜያትን መምረጥ፣ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ደግሞ የአንድን ከተማ ስም ጽፎ ያ ቦታ በተመረጠው ዘመን በምድር ላይ የት እንደነበረ ማየት ይቻላል። የቦታውን ስም ስንጫነውም በአካባቢው የተገኙ ቅሪተ አካላት ይዘረዘራሉ።

አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈው አገልግሎቱ ቆንጆ መሆኑን ለመናገር አይደለም፤ ቆንጆነቱን የከፈተው ሁሉ ያየዋል። እኔ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዳይኖሰሮች ከአህጉር ወደ አህጉር እንዴት እንደተዳረሱ ለማስረዳት ምን ያህል ይበቃል? ለዚህም ሳይንስ በደንብ ያጠናቸውን ጥቂት ጉዞዎች እየወሰድኩ በካርታው ላይ ፈተንኳቸው።

በቅድሚያ የተማሪዬን ጥያቄ ይዤ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ሄድኩ፤ የተንዳጉሩና የኮሎራዶ እንስሳት የኖሩት በዚያ አካባቢ ነውና። ካርታው ያሳየኝ ነገር የራሴን መልስ የሚያርም ሆነ። በሰሜን ምዕራብ አፍሪካና በሰሜን አሜሪካ መካከል ጠባብ ቢሆንም ባሕር ገብቷል፤ የመካከለኛው አትላንቲክ መከፈት ከጀመረ ቆይቷል። «ውቅያኖሱ አልነበረም» ያልኩት እንግዲህ ልክ አልነበረም። ይልቁንም ወደ 200 ሚሊዮን ስንመለስ መሬቱ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ የሁለቱ እንስሳት የጋራ ቅድመ አያቶች የተስፋፉት መሬቱ ገና ሳይሰነጠቅ ነው፣ ወይም ባሕሩ ከተከፈተ በኋላም በሌላ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ዛሬ ስፔንና ፖርቱጋል በሆኑት የደሴት መሬቶች በኩል፣ መገናኘቱ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም ማለት ነው። በፖርቱጋል ሎሪኛ አካባቢ ከዚያው ዘመን የድንጋይ ንብብር ውስጥ አሎሶረስ፣ ቶርቮሶረስና ስቴጎሶረስ የተባሉት፣ በአሜሪካ ሞሪሰን ንብብር የሚታወቁት ዓይነቶች መገኘታቸው ይህን ሁለተኛውን መንገድ የሚያስረዳ ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ለተማሪዬ የተስተካከለውን መልስ በፕሮጀክተር አሳየኋት፤ ይህ ብቻውን አገልግሎቱን ለማመስገን ይበቃኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያረካኝ ግን የካሜሩንና የብራዚል ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በቴክሳስ የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ጄኮብስ የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ቦርቦሬማ በተባለው አካባቢና በሰሜን ካሜሩን ኩም ተፋሰስ ከ260 በላይ የዳይኖሰር ዱካዎችን አነጻጽሮ፣ ዱካዎቹ በዕድሜ፣ በቅርጽና በተገኙበት የድንጋይ ዓይነት የሚመሳሰሉ መሆናቸውን አሳወቀ። ዕድሜያቸው 120 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ዛሬ ሁለቱን ቦታዎች ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ርቀት ይለያቸዋል። አብዛኞቹ በሁለት እግራቸው የሚሄዱ ባለ ሦስት ጣት ሥጋ በሎች የረገጧቸው ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ የዕፅ በሎች ናቸው።

በአገልግሎቱ ላይ 120ን መርጬ በአንድ መስኮት ካሜሩንን፣ በሌላ መስኮት የብራዚልን ሰሜን ምሥራቅ ጻፍኩ፤ ፈልጎ የሚያሳየው በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ በመሆኑ ሁለት መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ የብራዚል ክርን በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ብብት ውስጥ ተሸጉጦ ይታያል። ከደቡብ በኩል ደቡብ አትላንቲክ እንደ ሽብልቅ እየገባ ነው፤ ሰሜኑ ግን ገና አልተላቀቀም። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ክፍሉ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያም ያሰብኩት ጥያቄ መጣ፦ ዱካው ለምን በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ተገኘ?

እዚህ ላይ ካርታውን ትቼ ወደ አገራችን መልክዓ ምድር መመለስ ነበረብኝ። የምድር ቅርፊት ሲለጠጥና ሲሳሳ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቆቹ መካከል ያለው መሬት ወደ ታች ይሰምጥና ተፋሰስ ይፈጥራል፤ ወደ ተፋሰሱም ወንዝ ይወርዳል፣ ሐይቅ ይተኛል፣ ጭቃና ደለል ይከማቻል። ከዝዋይ እስከ ጫሞ ተደርድረው የምናያቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተፈጠሩት በዚሁ ዓይነት አሠራር ነው። አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ሊለያዩ ሲሉም መገንጠያቸው ላይ እንዲህ ያሉ ሸለቆዎች ነበሩ። ውኃ ባለበት ዕፅ ይበቅላል፤ ዕፅ ባለበት ዕፅ በሉ ይመጣል፤ ሥጋ በሉም ይከተለዋል። በሐይቁ ዳር ያለው እርጥብ ጭቃ እግራቸውን ተቀበለ፤ ሌላ ደለል ሸፈነውና ድንጋይ ሆነ። ስለዚህ እነዚያ ዱካዎች እንስሶቹ የኖሩበትን ብቻ ሳይሆን፣ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚያልፈው መተላለፊያ ራሱ ምን እንደሚመስል የሚናገሩ ናቸው። የስምጥ ሸለቆን በአካል የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ከብዙዎች ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ፤ የእኔ ተማሪዎችም እንዲሁ ሆኑ።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ዋና ጉድለት ልምጣ። ካርታው በጊዜ ውስጥ የሚራመደው በዝላይ ነው። ከ120 ሚሊዮን ቀጥሎ ያለው 105 ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ 90። በመካከሉ ያለው 15 ሚሊዮን ዓመት አይታይም። በ120 የተጣበቁት አህጉራት በ90 በባሕር ተለያይተው ይታያሉ፤ ያ የመጨረሻ የመሬት ድልድይ እንዴት እንደጠበበ፣ የት ላይ እንደቆየና እንዴት እንደተበጠሰ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ሊያየው የመጣበት ትዕይንት በሁለት ሥዕሎች መካከል ወድቆበታል። ለአህጉራት ጠቅላላ ታሪክ ይህ ዝላይ አያስከፋም፤ ለዳይኖሰሮች መሻገር ግን የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ናቸው ዋናዎቹ። በር መዘጋቱን እንጂ ሲዘጋ አናየውም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቃል አንድ ነገር ማለት ይገባኛል፤ በክፍል ውስጥም ካርታውን ከመክፈቴ በፊት ሁልጊዜ የማነሳው ጉዳይ ነው። «የዳይኖሰሮች ፍልሰት» ስንል ሰሚው በዓይነ ልቡናው የሚያየው ከብቱን እየነዳ ሣርና ውኃ ፍለጋ የሚሄድ አርብቶ አደር፣ ወይም በጋ ሲሆን አገር የሚለውጥ ወፍ ነው። እንዲህ ያለ ፍልሰት በእርግጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄንሪ ፍሪክና ባልደረቦቹ በካማራሶረስ ጥርሶች ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ዓይነት መርምረው፣ እነዚህ ግዙፍ ዕፅ በሎች በዛሬዎቹ ዋዮሚንግና ዩታ ከቆላው ወደ ደጋው 300 ኪሎ ሜትር ያህል በየወቅቱ ይጓዙ እንደነበር አሳይተዋል፤ የሚጠጡት ውኃ ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለነበር ልዩነቱ በጥርሳቸው ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ከአህጉር ወደ አህጉር መዳረስ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ማንም አንድ እንስሳ ከብራዚል ተነሥቶ ግሪንላንድ አልደረሰም። ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ደጅ ጥቂት ራቅ ብሎ ጎጆ እንደሚቀልስ፣ የእርሱም ልጅ ከእርሱ ራቅ እንደሚል ሁሉ፣ ዘር በትውልድ ብዛት ይስፋፋል። ካርታው ላይ ሁለት ነጥቦችን በመስመር ስናገናኝ ይህን ልዩነት ካላስታወስን፣ መስመሩ ያሳስተናል።

ቀጣዩ ፈተና ይህንኑ ልዩነት በቁጥር ያሳየኝ ነው። በዕድሜ ከሚቀድሙት የታወቁ ዳይኖሰሮች ውስጥ ኢዮራፕተርና ሄሬራሶረስ የሚገኙት በአርጀንቲና ኢስቺጓላስቶ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ወደ 231 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ረጅም አንገት ያላቸው የእነዚያ ግዙፎች ቀደምት ዘመዶች ግን በምሥራቅ ግሪንላንድ የሚገኙት ከ214 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። በካርታው 220ን መርጠን ስናይ በሁለቱ መካከል ባሕር የለም፤ ፓንጂያ የተባለው ታላቁ አህጉር ከዳር እስከ ዳር አንድ መሬት ነው። ርቀቱ በዚያን ጊዜ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እንግዲህ ለማለፍ 15 ሚሊዮን ዓመት ያህል ፈጀባቸው ማለት ነው፤ ይህ በዓመት ሲሰላ 67 ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ ክንድ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ባሕር ያልዘጋውን መንገድ ምን ዘጋው?

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዴኒስ ኬንትና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው ላርስ ክሌመንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረቡት መልስ የአየር ንብረት ነው። በዚያን ዘመን በአየር ውስጥ የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፍተኛ በመሆኑ፣ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው ሐሩር ቀጣናና ከእርሱ ወዲያና ወዲህ ያለው ደረቅ በረሃ ብዙ ቅጠል ለሚበሉ እንስሳት የማይታለፍ አጥር ሆኖባቸው ነበር። ከ215 እስከ 212 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ4,000 ወደ 2,000 ገደማ ሲወርድ አጥሩ ላላ፤ የግሪንላንዶቹም ቅሪቶች የታዩት በዚያው ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ካርታው አይነግረንም። የባሕሩን ጥልቀትና የመሬቱን ከፍታ በቀለም ያሳያል እንጂ የሙቀትና የዝናብ መረጃ የለውም። ለእኔ የአገልግሎቱ ወሰን የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፦ መሬት ከመሬት ጋር ተያይዞ ሲታይ ተማሪው «እንግዲህ አለፉ» ብሎ ይደመድማል፤ የፓንጂያ ታሪክ ግን መሬት ተያይዞም 15 ሚሊዮን ዓመት ያህል አላለፉም ይላል። ስለዚህ መምህር ካርታውን ሲከፍት የአየር ንብረቱን ነገር በቃሉ ማከል አለበት። ሳያክል ከቀረ፣ ያ ቆንጆ ሥዕል የተሳሳተ እምነት ይተክላል።

በሰሜን በኩል ያለውን መንገድ በአጭሩ ልለፈው። ክሪቴሺየስ በተባለው የመጨረሻው የዳይኖሰሮች ዘመን ማብቂያ ላይ በእስያና በሰሜን አሜሪካ መካከል፣ ዛሬ የቤሪንግ ወሽመጥ ባለበት በኩል፣ መሬት መያያዙ ይታወቃል፤ የሞንጎሊያው ታርቦሶረስና የአሜሪካው ታይራኖሶረስ የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ካርታው በ66 ሚሊዮን ላይ ሁለቱን በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያቀራርባቸዋል። ማከል የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአላስካ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪክ ድሩከንሚለር የመሩት ጥናት፣ በሰሜን አላስካ ከተለያዩ የዳይኖሰር ዓይነቶች ገና ከዕንቁላል የወጡና ሊወጡ የተቃረቡ ጫጩቶች ጥርስና አጥንት መገኘቱን ገልጿል። እነዚያ እንስሳት እንግዲህ ረጅሙን የክረምት ጨለማ እዚያው እየከረሙ ይዋለዱ ነበር እንጂ መንገደኞች አልነበሩም። ወደ እስያ ወይም ወደ አሜሪካ የተሻገረው ዘር በዚያ ብርድ አገር የተወለደ፣ እዚያው ያደገና እዚያው ጎጆውን የቀለሰ ዘር ነው።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የቆመው የሞሮኮ ጉዳይ ነው። በሞሮኮ የፎስፌት ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ የተገኘና በባዝ ዩኒቨርሲቲው ኒክ ሎንግሪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የተደረገ የመንጋጋ ቁራጭ አለ፤ አጅናቢያ የተባለ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል የሆነ፣ አፉ እንደ ዳክዬ የተንጣለለ ዕፅ በል ነው። የእነዚህ ወገን መነሻ ሰሜን አሜሪካ ነው ተብሎ ይታመናል፤ በ66 ሚሊዮን ዓመት አፍሪካ ደግሞ ዙሪያዋን በባሕር የተከበበች ነበረች። ካርታውን ከፍተን ስናይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ የትም ብንዞር የመሬት ድልድይ የለም። እንስሳው ግን ሞሮኮ ውስጥ አለ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ዘሩ ባሕር ተሻግሯል የሚል ነው፤ በመዋኘት፣ ወይም በጎርፍ ተገንጥሎ በሚንሳፈፍ የዛፍ ክምር ላይ ተጭኖ። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ የማይሆን ቢመስልም፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ ቢሳካ ለዘሩ ይበቃዋል። ፓንጂያ ላይ የተያያዘ መሬት ተዘግቶ አየን፤ እዚህ ደግሞ የተለያየ መሬት ተከፍቶ አየን። እኔ እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች ሁልጊዜ ተከታታይ አድርጌ ነው የማስተምራቸው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ እንስሳው ሳይንቀሳቀስ መሬቱ ይዞት የሚሄድበት። ሕንድ ከማዳጋስካር የተገነጠለችው ከ88 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በማዳጋስካር ማጁንጋሶረስ፣ በሕንድ ራጃሶረስ የሚባሉት ሁለቱ ሥጋ በሎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው። በ90 እና በ66 ሚሊዮን ያሉትን ካርታዎች አከታትሎ ላየ ሰው ሕንድ ብቻዋን ወደ ሰሜን ስትነጉድ ማየት፣ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ያስረዳል። በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ አገልግሎቱ አቻ የለውም።

ስለ አገራችን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ተማሪዎቼም በመጀመሪያ የጻፉት የራሳቸውን የትውልድ ቦታ ነው። ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሁሉ ድንገት ገደል ሆኖ የሚወርደውን የጀማን ሸለቆ ያውቀዋል። በዚያ ሸለቆ ውስጥ፣ ሙገር በተባለው የጭቃ ድንጋይ ንብብር፣ የ150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። በበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያውን ዝርዝር ያወጡ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሊ ሆል እና ጉድዊን ጥርሶቹን ከሌሎች አህጉራት ጋር አነጻጽረው አቅርበዋል። ጥርሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አስፈላጊነታቸው ግን ከመጠናቸው በላይ ነው። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ብዙ የሚታወቀው ተንዳጉሩ ብቻ በመሆኑ፣ ከእርሱ በስተ ሰሜን የተገኘ እያንዳንዱ ጥርስ በደቡብና በሰሜን ምድር መካከል የትኞቹ ወገኖች ተዳርሰው እንደነበር ለማወቅ ይረዳል።

ታዲያ በኢትዮጵያ ደጋ የዚህ ዘመን ቅሪት ለምን ጥቂት ሆነ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የዳይኖሰሮቹን ዘመን ንብብር በመቶዎች፣ አንዳንድ ቦታም ከሺህ በሚበልጥ ሜትር ውፍረት ሸፍኖታል። አባይ፣ ጀማና ሙገር እየቆረጡ የወረዱበት ቦታ ብቻ ነው ያ የጥንት መሬት ፀሐይ የሚያየው። በዚያው ገደል ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይም ባሕር እስከዚያ ድረስ ገብቶ እንደነበር ይመሰክራል።

ይህን ያነሣሁት የአገልግሎቱን የቅሪተ አካል ዝርዝር በጥንቃቄ ማንበብ ስለሚያስፈልግ ነው። ዝርዝሩ የሚነግረን የተገኘውን እንጂ የኖረውን አይደለም። በአሜሪካ ምዕራብ አንድ ከተማ ስንጽፍ ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ ያ የሆነው ዓለቱ ስለተገለጠና ከመቶ ዓመት በላይ ስለተቆፈረ ነው። በእኛ በኩል የሚታየው አጭር ዝርዝር እንስሳ አልነበረም ማለት ሳይሆን፣ ገና አልተፈለገም ወይም በጥቁር ድንጋይ ተሸፍኗል ማለት ነው። ከጀማ አቅራቢያ የመጣ አንድ ተማሪ ይህን ስነግረው ደስ ብሎት ሳይሆን ተቆጥቶ፦ «ታዲያ ለምን አይፈለግም?» አለኝ። ቁጣው ተገቢ ነው።

ለመጠቀም ለሚያስቡ መምህራንና ወላጆች ጥቂት ልናገር። የገጹ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን የሚነበበው ጥቂት ስለሆነ ቋንቋው ብዙ አያግድም። በትልቅ ስክሪን ወይም በፕሮጀክተር ሲታይ ከስልክ በጣም ይሻላል፤ በስልክ ላይ የባሕሩ ጥልቀት የቀለም ልዩነት ጎልቶ አይወጣም። ሁልጊዜ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልገው፣ ግንኙነት በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት የሚፈለጉትን ዘመናት ቀድሞ ከፍቶ ምስላቸውን ማስቀመጥ ይመከራል፤ እኔ 220፣ 200፣ 170፣ 150፣ 120፣ 105፣ 90 እና 66ን አስቀምጫለሁ፤ መብራት በጠፋበት ቀንም አትሜ ይዤያቸው ገብቻለሁ። በተጨማሪም እንዲህ ያለ ካርታ ከድንጋይ መግነጢስ፣ ከባሕር ወለል ዕድሜና ከቅሪተ አካላት ተሰልቶ የሚሠራ ግምታዊ ሞዴል መሆኑን፣ ወደ ኋላ በራቅን ቁጥርም እርግጠኝነቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ለተማሪዎች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የባሕሩን ዳርቻ እንደ ድንበር መስመር አድርገው እንዳይዙት አደራ እላለሁ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የጎደለውን አንድ ነጥብ ያጣው በዘመናት መካከል በሚዘለው ሰፊ ክፍተት፣ የአየር ንብረት መረጃ ባለመያዙና ሁለት ቦታዎችን በአንድ ላይ ባለማሳየቱ ነው። የተቀረው ግን በነጻ የተሰጠ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ተማሪዬ በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ የጂራፋታይታንን ጉዳይ ስትመልስ፣ ከመጽሐፉ በላይ ጽፋ፣ የመካከለኛው አትላንቲክ መቼ መከፈት እንደጀመረ ጭምር አክላበታለች። በ120 እና በ105 ሚሊዮን መካከል ያለውን የጎደለ ሥዕል ደግሞ በዚህ ዓመት ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ የብራዚልን ክርንና የጊኒን ባሕረ ሰላጤ በእጃቸው እየሳሉ፣ የመጨረሻው የመሬት ድልድይ የት ላይ ነበር ብለው እንደሚገምቱ በእርሳስ ያመለክታሉ።